ሳሎኔን ፔሪዊንክል ልቀባው ነው፤ ባለቤቴ ግን «ሆስፒታል ይመስላል» ይላል

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎናችን 4 በ4.5 ሜትር ሲሆን ያለው አንድ መስኮት ወደ ምዕራብ ነው። ግድግዳው ከዓመታት በፊት ወደ ቢጫ የሚያደላ ክሬም የዘይት ቀለም ተቀብቷል። ወለሉ ክሬም ሴራሚክ፣ ሶፋው ቡናማ ቆዳ ነው። ፔሪዊንክል የሚሉትን ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ኢንተርኔት ላይ ካየሁ ወዲህ ልቤን ወስዶታል፤ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስልኝም እፈልጋለሁ። ባለቤቴ «ሆስፒታል ልታስመስይው ነው» ይለኛል። ቀለም ቀቢው ደግሞ «ነጭ ብቻ ግዢ፣ እዚሁ እበጠብጠዋለሁ፤ አንድ ግድግዳ ይበቃሻል» ብሏል። ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ታችኛው ክፍል ላይ ቀለሙ አረፋ እየሠራ ይረግፋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ባለቤትዎ ግማሽ እውነት አላቸው። ሰማያዊ ግድግዳ ሆስፒታል የሚመስለው በቀለሙ ውስጥ ግራጫው ሲያንስና የክፍሉ አምፖል በረዶ ነጭ ሲሆን ነው። ሁለቱንም ማስተካከል ይቻላል። የቀቢው ምክር ግን በብጥበጣውም በአንድ ግድግዳውም አይስማማንም።

መጀመሪያ ያዩትን ፎቶ ይጠርጥሩት። ፔሪዊንክል ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ ሰማያዊ ነው፤ ስልክ ደግሞ ፎቶ ሲያነሳ የብርሃኑን ቀለም በራሱ ስለሚያስተካክል ከሁሉ በላይ የሚያዛባው እንዲህ ያለውን መሐል ሰፋሪ ቀለም ነው። ፓንቶን የተባለው የቀለም መለያ ድርጅት የ2022 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቀለም ብሎ የመረጠው ቬሪ ፔሪም የዚሁ ቤተሰብ አባል ቢሆንም ለትራስ ወይም ለአንድ ወንበር እንጂ ለአራት ግድግዳ ይጮኻል። እርስዎ የሚፈልጉት ከዚያ በጣም የነጣና በግራጫ የተገራ ነው። ቀለም መሸጫ ሄደው ከናሙና ካርዱ ላይ ሲመርጡ «ይሄስ ግራጫ ሆነብኝ፣ ሞተ» የሚያሰኝዎትን ይያዙ። አራት ግድግዳዎች ብርሃኑን እርስ በርስ ስለሚወራወሩት ጣት በምታህል ካርድ ላይ ዝም ያለ ቀለም ክፍል ሲሞላ ይነቃል። ካርዱ ላይ ገና ከሩቁ «ውይ ሲያምር!» ያሰኘዎት ደግሞ ግድግዳ ላይ የሕፃናት መኝታ ቤት ይሆናል። ከካርዱ ጀርባ የብርሃን ነጸብራቅ ቁጥር የሚባል፣ ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ የሚያሳይ ከ0 እስከ 100 የሚደርስ ልኬት ከተጻፈ፣ አንድ መስኮት ላለው ሳሎን ከ45 እስከ 55 ያለው ይስማማል። ከ40 በታች ከወረደ ክረምቱን በሙሉ በቀን መብራት ሊያበሩ ነው።

ስለ ብርሃኑ ትንሽ እንቆይ፤ የዚህ ቀለም ዋናው ጣጣ እዚህ ላይ ነውና። «ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ነው፣ ሰማያዊ አትቀቡት» የሚለው የውጭ ገጾች ምክር ለለንደን እንጂ ለአዲስ አበባ አልተጻፈም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። የእርስዎ መስኮት ግን ምዕራብ ነው። ጠዋት ክፍሉ የሚያገኘው ከሰማይ የተንጸባረቀ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ስለሆነ ግድግዳው ሰማያዊና ግራጫ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ካለፈ ፀሐይ በቀጥታ ስትገባ ቢጫው ብርሃን ሰማያዊውን ያዳክመውና ወደ ሐመር ወይን ጠጅ ይወስደዋል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሰው ይህን ቀለም የሚወደው ስለሚለዋወጥ ነው። ነገር ግን ነሐሴ ላይ ደመና ሲጋርድ አይተው ከመረጡ ጥቅምት ላይ ሌላ ግድግዳ ይጠብቅዎታል። በክረምት ብርሃን «ወይን ጠጅነቱ አነሰ» ብለው ቀይ ካስጨመሩበት ፀሐዩ ሲወጣ ሮዝ ሆኖ ያገኙታል። ስለዚህ ዛሬ በደመናው ሲያዩት ወደ ሰማያዊ ትንሽ ያመዘነውን ይምረጡ።

አምፖሉስ? ማሸጊያው ላይ 6500 ኬ (ኬልቪን፣ የብርሃኑ ቀለም መለኪያ) ወይም «ዴይ ላይት» የሚል ከሆነ የባለቤትዎ ሆስፒታል ያለው እዚያ ነው። 2700 ኬ የሚለው ቢጫ አምፖል ደግሞ ሰማያዊ ጨረሩ ጥቂት ስለሆነ ግድግዳውን አመድ ያስመስለዋል። ከ3000 እስከ 3500 ኬ ያለውን፣ ሲአርአይ የሚለው፣ አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በእውነተኛ መልኩ እንደሚያሳይ የሚለካው ቁጥር 90 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ይፈልጉ። ሲአርአይ 70 በሆነ ርካሽ አምፖል ሥር የትኛውም የተደባለቀ ቀለም እውነተኛ መልኩን አያሳይም። በሳሎኑ ያሉት አምፖሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንዱ ቢጫ አንዱ ነጭ ከሆነ ግድግዳው በሁለት ባልዲ የተቀባ ይመስላል። መብራት ጠፍቶ ሻማ ሲበራ ግራጫ እንደሚሆን ግን ከአሁኑ ይወቁት፤ ለዚያ መድኃኒት የለውም።

ሙከራውን ግድግዳው ላይ አይሥሩ። አሁን ያለው ቢጫማ ክሬም ከጎኑ ያለውን ሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ ይገፋዋል። ሼቭሮል የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1839 እ.ኤ.አ. ጎረቤት ቀለሞች እርስ በርስ እንደሚገፋፉ በሰፊው የጻፈው ይህንኑ ነበር። ይልቅ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ካርቶን ወይም ቺፑድ ነጭ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) ቀብተው ሲደርቅ ቀለሙን ሁለት ጊዜ ይቀቡበት፣ ዳር ዳሩን አራት ጣት ያህል ነጭ ይተዉ። አንድ ጊዜ በመስኮቱ ትይዩ፣ አንድ ጊዜ ከመስኮቱ ጎን፣ አንድ ጊዜ ከሶፋው ጀርባ ያቁሙት። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ተኩል፣ ማታ መብራት በርቶ ይዩት፤ ቢያንስ ሁለት ቀን። ታችኛውን ጫፍ ሴራሚኩ ላይ አስነክተው ማየትዎን አይርሱ፤ ክሬም ወለል ግድግዳውን ከታች በኩል ወደ ወይን ጠጅ ይጎትተዋልና ለእርስዎ ቤት ይህ ወሳኝ ነው።

አሁን ወደ ብጥበጣው። ማሽን ያለው መሸጫ ከተገኘ እዚያ ያስቀምሙት፤ የቅመማ ቁጥሩን የያዘውን ወረቀት ተቀብለው ይያዙ። ካልተገኘና ቀቢው በእጅ የሚበጠብጥ ከሆነ የሚበላሽባቸውን ቦታዎች እንንገርዎ። አንደኛው ሰማያዊው ራሱ ነው። ፕታሎ ብሉ የሚባለው የተለመደ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ቀይ ሲጨመርበት ይጠቁራል፣ ይቆሽሻል እንጂ ፔሪዊንክል አይሆንም። የሚያስፈልገው ወደ ቀይ የሚያደላው አልትራማሪን ነው። የፕሩሺያን ሰማያዊ ደግሞ ሲሚንቶ ልስን ላይ አይጠጋም፤ በሲሚንቶው ውስጥ ባለው አልካሊ (እንደ ኖራ የሚበላ ኬሚካል) ይለቃል። ሁለተኛው ወይን ጠጅነቱን ማምጫው ነው። ርካሽ የወይን ጠጅ ማቅለሚያ በምዕራብ ፀሐይ ሊለቅና በዓመት ሁለት ዓመት ውስጥ ተራ ሰማያዊ ትቶ ሊሄድ ይችላል። ጥቂት ቀይ ኦክሳይድ (ከብረት ዝገት ዓይነት የሚሠራ ቀይ ማቅለሚያ) ይበልጣል፤ ፀሐይ አይበግረውም፣ ቡናማነት ስላለው ደግሞ ሰማያዊውን ሳይገድል ያደበዝዘዋል። ሦስተኛው ጥቁር ነው። ቀቢ «ደብዘዝ አድርገው» ሲባል እጁ የሚሄደው ወደ ጥቁር ነው፤ ጥቁር ግን የሲሚንቶ ቀለም ያመጣል። ከቀይ ኦክሳይዱ በኋላም ማደብዘዝ ካስፈለገ ጠብታ አፈርማ ቡናማ ይጨመርበት።

ለ1 ሊትር ነጭ ፕላስቲክ ቀለም 15 ሚሊ ሊትር አልትራማሪን፣ 1 ሚሊ ሊትር ቀይ ኦክሳይድና ግማሽ ሚሊ ሊትር አፈርማ ቡናማ ብለው ይጀምሩ። የማቅለሚያው ጉልበት ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ይህ መነሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ግማሽ ሚሊ እየጨመሩ፣ የጨመሩትን እየጻፉ ይሂዱ። ከፋርማሲ የሚገዛ የ5 ሚሊ ሲሪንጅ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። የማቅለሚያው ድምር ከቀለሙ 5 በመቶ አይለፍ፤ ካለፈ ቀለሙ በደንብ አይጠነክርም፣ ሲነካም እጅ ላይ ይወጣል። እርጥቡን አይተው አይፍረዱ፤ ፕላስቲክ ቀለም እርጥብ ሳለ ወተትማ ነው፣ ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል። ካርቶን ላይ ቀብተው በፀጉር ማድረቂያ አድርቀው ይዩት። ቀመሩ ሲስማማዎት ለክፍሉ በሙሉ የሚበቃውን በአንድ ትልቅ ባልዲ በአንድ ጊዜ ያስበጥብጡ። በእጅ የተበጠበጠ ሁለተኛ ባልዲ ከመጀመሪያው ጋር ተመሳስሎ አያውቅም።

ምን ያህል ይበቃል? የግድግዳው ዙሪያ 17 ሜትር ነው። ቁመቱን 2.6 ብንል 44 ካሬ ይመጣል፤ ሁለት በርና መስኮቱ 6.5 ካሬ ገደማ ስለሚወስዱ 37.5 ይቀራል። ባልተቦረቦረና ፕራይመር በጠጣ ግድግዳ ላይ 1 ሊትር ወደ 10 ካሬ ይሸፍናል፤ ለሁለት ቅብ 7.5 ሊትር፣ ከመጠባበቂያው ጋር 9 ሊትር ይያዙ። የጋሎኑ መጠን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በጋሎን ቁጥር ሳይሆን ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ሊትር ያስሉ።

አንድ ግድግዳ ብቻ የሚለውን አንቀበልም። በ18 ካሬ ሳሎን ውስጥ አንዱ ግድግዳ ደብዛዛ ሰማያዊ ሆኖ ሦስቱ ቢጫማ ክሬም ሆነው ከቀሩ፣ ክሬሙ ይበልጥ ቢጫ፣ ሰማያዊው ይበልጥ ወይን ጠጅ ሆነው ይጣላሉ፤ ሲታይም ቀለም አልቆ የቆመ ሥራ ይመስላል። ለደማቅ ቀለም አንድ ግድግዳ ልክ ሊሆን ይችላል። የደበዘዘ ቀለም ግን ሰላሙን የሚያገኘው ዙሪያውን ሲከብብ ነው። ድፍረት ካነሰዎት ከመጠኑ ሳይሆን ከጉልበቱ ይቀንሱ፦ ሁለት እጅ ቀለም ከአንድ እጅ ነጭ ቀላቅለው አራቱንም ይቀቡ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የድሮው የዘይት ቀለም አለ። ፕላስቲክ ቀለም በሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ላይ በቀጥታ ከተቀባ ለጥቂት ወራት ያምርና ሶፋው በነካው ቦታ እንደ ላስቲክ ተገፎ ይወጣል። በእርግጥ ዘይት መሆኑን ለማወቅ ጥጥ በአልኮል ነክረው ጠንከር አድርገው ይሹት፤ ቀለሙ ከለሰለሰና ጥጡ ላይ ከወጣ የውሃ ነው፣ ካልወጣ ዘይት ነው። ዘይት ከሆነ ግድግዳውን በዱቄት ሳሙና ያሳጥቡ። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ጥግ ላይ ሁለት ጊዜ ያሳጥቡት፤ የጭሱ ቅባት ካልለቀቀ ምንም አይያዝበትም። በንጹሕ ውሃ ካለቀለቁና ከደረቀ በኋላ ብልጭልጩ እስኪጠፋ በ120 ወይም በ150 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያስፍቁ። ቀለሙ ያረጀ ከሆነ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚያግደው የአገራችን ደንብ ከመውጣቱ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ደረቁን አያስፍቁ፤ በውሃ እየራሰ ይፋቅ፣ ቀቢው ማስክ ያድርግ፣ ልጆችና ነፍሰ ጡር ቤት ውስጥ አይዋሉ፣ ፍቅፋቂውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

የተቦረቦረውን በስቱኮ ይድፈኑት፤ ሲደርቅ በ180 ቁጥር ያለስልሱት። ከዚያ ለዘይት ቀለም የሚሆን የሚያጣብቅ ነጭ ፕራይመር ሁሉም ላይ ይቀባ። ስቱኮው ላይ ብቻ ነካ ነካ ካደረጉት ስቱኮው ቀለም ይመጥና ከጎን ሲታይ ጠቃጠቆ ያወጣል። ነጩ ፕራይመር ሌላም ጥቅም አለው፤ ክሬሙ ከሥር ካልተሸፈነ በሰማያዊው በኩል ብቅ ይልና አረንጓዴማ ግራጫ ያደርገዋል። ፕራይመሩ በደረቀ በማግስቱ አንድ ጥግ ላይ በምላጭ ትንሽ መስቀለኛ ጭረት አድርገው የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉና በኃይል ይንቀሉት፤ ቀለም ይዞ ከወጣ መፋቁ አልበቃም ማለት ነው፣ አይቀጥሉ።

አረፋ የሚሠራው ግድግዳ የቀለም ችግር ስላልሆነ ቀለም አያድነውም። ከመታጠቢያ ቤቱ ውሃ እየሰረገ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሻወሩ ሴራሚክ ፉጋ ተሰንጥቆ ወይም ቧንቧው መጋጠሚያ ላይ እያንጠባጠበ ነው። የረገፈውን እስከ ጤነኛው ድረስ ያስፍቁ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ካወጣ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት፤ በውሃ ካጠቡት ጨው ተመልሶ ልስኑ ውስጥ ይገባል። ጥቁር ሻጋታ ካለበት አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ በጥብጠው መስኮት ከፍተው ይቀቡት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ያለቅልቁት፤ በረኪናውን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። ፍሳሹ ከተጠገነ በኋላ 50 በ50 የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ለአንድ ቀን ይተዉት። ጤዛው ከላስቲኩ ሥር ከሆነ ግድግዳው ገና አልደረቀም። በሲሚንቶ እንደገና ከተለሰነ ደግሞ 28 ቀን ይጠብቅ።

ስለዚህ ያ ግድግዳ ለእንቁጣጣሽ አይደርስም፤ ባዶውን ያክብር። ሦስቱን ቀብተው ለአራተኛው የሚበቃውን ቀለም ክዳኑ በሚጠብቅ ባልዲ ያስቀምጡ። በአንድ ጊዜ ከተበጠበጠ ልዩነቱ ጥግ ላይ ስለሚያበቃ ማንም አያየውም። ሶፋ ወይም ቁም ሣጥን ግን አያስጠጉበት፤ አየር ካልነካው አይደርቅም።

የቀለሙን ዓይነት በተመለከተ የሚታጠብ ማት (የማያብለጨልጭ ቀለም) ይጠይቁ። ሳቲን የሚባለው ትንሽ የሚያብለጨልጭ ቀለም ለማጽዳት ቢቀልም ከምዕራብ በአግድም የሚገባው ፀሐይ የልስኑን ጉብታ ሁሉ ያጋልጣል፤ የኮንዶሚኒየም ልስን ደግሞ ይህን አይችልም። ተራው ማት በበኩሉ የዕጣን ጥላሸት ሲነካው ሊጸዳ አይችልም።

ቀቢው ውሃ እንዳያበዛበት በዓይንዎ ይከታተሉ፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ሦስተኛ ቅብ ይመጣል። ጥጎቹን በብሩሽ ጨርሶ ሲያደርቅ ቆይቶ በማግስቱ መሐሉን በሮለር ከሞላ፣ ዳሩ ክፈፍ የተደረገለት ይመስላል። አንድ ግድግዳ ዳሩም መሐሉም እርጥብ ሳለ አብሮ ይለቅ፤ ሮለሩም ጥጉን እስኪቃረብ ይሂድ፣ የመጨረሻው ጎትታ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ይሁን። በበጋ 4 ሰዓት የሚበቃው በነሐሴ እርጥበት አይበቃም፤ በሁለቱ ቅብ መካከል አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ነሐሴ 20 ከጀመሩ ሦስቱ ግድግዳ ጳጉሜን ሳይገባ ያልቃል። ቢደርቅም የሚጠነክረው ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ስለሆነ በበዓሉ ሰሞን ጭሱ ቢነካው እርጥብ ጨርቅ አያስነኩት፤ ረከቦቱን ከግድግዳው አንድ ሜትር ያርቁ።

ኮርኒሱ ነጭ ይሁን፣ ግን ክሬም ነጭ አይሁን፤ ቢጫነቱ ግድግዳውን ወይን ጠጅ ያደርገዋል። ነጩ ላይ ከግድግዳው ቀለም በ1 ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ቢጨመርበት ይግባባሉ። ሶፋውን አይለውጡ፤ ቡናማ ቆዳ የተቃጠለ ብርቱካን ስለሆነ የዚህ ሰማያዊ ተፈጥሯዊ ጓደኛ ነው። መጋረጃው ያልነጣ ጥጥ፣ ትራሱ አንድ ወይም ሁለት ሰናፍጭማ ቢሆን በቂ ነው። ግድግዳው ላይ ያልተቀለመ የስንደዶ ሰፌድ ከማንኛውም ከተገዛ ጌጥ ይበልጥ ያምርበታል። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ውሃ ሰማያዊ መጋረጃ ካለዎት ግን ወደ መኝታ ቤት ይውሰዱት፤ አጠገቡ ሲሆን ግድግዳው ያልታጠበ ይመስላል።

የተረፈውን ቀለም በትንሽ ማሰሮ አሽገው የቅመማ ቁጥሩንና ቀኑን ይጻፉበት። በኋላ የተጫረውን ሲነካኩ በብሩሽ ሳይሆን ግድግዳው በተቀባበት ዓይነት ትንሽ ሮለር፣ በውሃ ትንሽ በቀጠነ ቀለም፣ ከጭረቱ ብዙም ሳይወጡ ይሁን።